የፖስታ ወጪ የሚቀነሰው ቤት ውስጥ ነው

(በባልባላ በስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ የእጅ ሥራ ለሚሸጡ ወገኖቻችን የተደረገ ንግግር። በካምፕ ላሉ አንባብያንም ይጠቅማል በሚል ሙሉ ቃሉ ታትሟል።)



  ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፖስታ ሒሳብ ነው። ርእሱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እኛ በማታው ክፍል የምናስተምር ሰዎች ባለፉት ወራት ከእናንተ ጋር ቁጭ ብለን ገቢና ወጪ ስንጽፍ ያየነው ነገር አለ። ከእጅ ሥራ ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ ከሁሉ አብልጦ የሚበላው አክርማው ወይም ክሩ ሳይሆን መላኪያው ነው። ስልክ በእጃችን ስላለ ገዢ ማግኘት ቀሏል፤ ፎቶግራፉ በዋትስአፕ በደቂቃ ፓሪስም ቶሮንቶም ይደርሳል። ዕቃው ግን እንደ ፎቶግራፉ አይደርስም።

ከመካከላችን የሆኑ አንዲት እናት የደረሰባቸውን እንዲነገር ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን አንጠራም። አውሮፓ ያለች ደንበኛ መሶብ አዘዘቻቸው፣ በ60 ዶላር ተስማሙ። አክርማውንና ስንደዶውን፣ ቀለሙንም ጭምር በብድር ገዝተው ብዙ ሳምንት ደከሙበት። ስለ መላኪያ ከሁለቱም ወገን ያነሣ አልነበረም። መሶቡ አልቆ ወደ አንድ ፈጣን መልእክት አድራሽ ሲወሰድ የተጠየቀው ገንዘብ ከመሶቡ ዋጋ በላይ ሆነ። ደንበኛዋ አልከፍልም አለች። መሶቡ ዛሬም ቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው፤ ብድሩ ግን ይከፈላል፤ የተከፈለውም ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ታስቦ ከነበረው ነው።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሆነ? ፈጣን መልእክት የሚያደርሱ ኩባንያዎች ጥቅሉን በሁለት መንገድ ይመዝኑታል። አንደኛው በሚዛን ነው። ሁለተኛው በሜትር ነው፤ ርዝመቱን በወርዱ ያበዛሉ፣ የመጣውን በከፍታው ያበዛሉ፣ በሴንቲ ሜትር የወጣውንም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለ5000 ያካፍላሉ። ያም እንደ ኪሎ ይቆጠራል። ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈልበታል። አውሮፕላን የሚሞላው በክብደት ብቻ ሳይሆን በቦታም ስለሆነ ነው እንጂ ተንኮል የለበትም።

አሁን የእናታችንን መሶብ እናስላው። ወርዱ በሁለቱም በኩል 45 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 50 ነበር። 45 ሲባዛ በ45፣ ሲባዛ በ50፣ 101,250 ይሆናል። ለ5000 ሲካፈል 20 ኪሎ ከሩብ ይመጣል። መሶቡ በሚዛን ሁለት ኪሎ አይሞላም። እንግዲህ የተጠየቁት የ18 ኪሎ የባልባላ አየር ሒሳብ ነው ማለት ነው።

በዚህ ፈንታ አምስት ሰፌድ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን ብናስር ምን ይሆናል? ወርዱ 40 በ40፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ተባዝቶ 19,200፣ ለ5000 ተካፍሎ 4 ኪሎ አይሞላም። አምስት ዕቃ፣ አምስት ዋጋ፣ የመሶቡ አንድ አምስተኛ መላኪያ።

መሶብ አትስፉ ማለታችን አይደለም። መሶብ የቤታችን ክብር ነው፣ ገዢውም የሚናፍቀው እሱን ነው። ነገር ግን ሩቅ የሚሄድ መሶብ ክዳኑና እግሩ ለየብቻ ተሠርተው አንዱ በአንዱ ውስጥ ቢገቡና ደርሶ ቢገጣጠም ቁመቱ በብዙ ይቀንሳል። ይህ ይቻል እንደሆነ የምታውቁት ስፌት የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ወስፌ ብንይዝ ጣታችንን እንወጋለን። ካልተቻለም ሆዱ ባዶውን አይሂድ። ጎረቤት ምግብ የላከበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር እንደሆነ ሁሉ፣ ቦታው አንዴ ከተከፈለበት መሶብን ባዶውን መላክም ነውር ይሁንብን። ነጠላው፣ ትንንሹ ሙዳይ፣ የጥልፍ ሥራው ሁሉ በውስጡ ይግባ። ደንበኛዋ መሶብ ብቻ ካዘዘች፣ ጎረቤቷ ወይም ዘመዷ ሌላ ነገር ትፈልግ እንደሆነ ከመዘጋቱ በፊት ይጠየቅ።

ፈጣኑን ትተን ወደ መደበኛው ፖስታ ስንሄድ ደንቡ ሌላ ነው። በመስኮቱ ላይ በፈረንሳይኛ “ፔቲ ፓኬ” የሚሉት አነስተኛ ጥቅል አለ፤ ከእሱ የሚበልጠው “ኮሊ” ይባላል። አነስተኛው ጥቅል ከደብዳቤ ጋር ስለሚሄድ ይቀልላል፣ ግን ልክ አለው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ አይበልጥም። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሲደመሩ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም፤ ከሦስቱ አንዱም ብቻውን ከ60 አይበልጥም። ይህ የአንድ አገር ሳይሆን የዓለም ፖስታ ደንብ ነው።

ቅድም ያሰርናቸውን አምስት ሰፌዶች በዚህ ልክ እንያቸው። 40 ሲደመር 40፣ ሲደመር 12፣ 92 ነው። በ2 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በአንድ አውራ ጣት ስፋት አለፈ። መስኮቱ ላይ ሰፌድ አይቆረጥም። ነገር ግን ሰፌዱ 36 ሆኖ ቢሰፋና ከነመጠቅለያው 38 ቢሆን፣ 38 ሲደመር 38፣ ሲደመር 12፣ 88 ይሆንና ያልፋል። በ36 እና በ40 መካከል ያለውን ልዩነት ገዢዋ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላው አታውቀውም፤ የእናንተ ኪስ ግን ያውቀዋል። እንግዲህ የፖስታ ቁጠባ የሚጀምረው ፖስታ ቤት ደጃፍ ሳይሆን የመጀመሪያው የስፌት ዙር ሲጀመር ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉም ንግግራችን ይህን አንዱን ብትይዙልን ደስ ይለናል።

ቀጥሎ ሚዛን ነው። ፖስታ የሚያስከፍለው በእያንዳንዱ ግራም ሳይሆን በደረጃ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ደረጃ 20፣ 100፣ 250፣ 500 ግራም፣ ከዚያ 1 ኪሎ፣ ከዚያ 2 ኪሎ ነው። 500 ግራምና 510 ግራም በእጅ ሲያዙ አይለዩም፤ በሒሳብ ግን 510 ግራም የ1 ኪሎ ይከፈልበታል። አንድ ጥልፍ ያለው ነጠላ በኩሽና ሚዛን መዝነን 330 ግራም ሆነ። በሱቅ ካርቶን ስናሽገው ካርቶኑ ብቻ 190 ግራም መዝኖ በድምሩ 520 ገባ። ያንኑ ነጠላ በደንብ አጣጥፈን በፌስታል ጠቅልለን በወፍራም ወረቀት ስናሽገው 370 ግራም ሆነ። ነጠላ አይሰበርም፤ ካርቶን ለምን ይለብሳል? ካርቶን ለጀበናና ለሲኒ ይቀመጥ። (ጀበናን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ ሸክላ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ የተሰበረ ጀበና ፎቶግራፍ ደግሞ ለሌሎች ደንበኞች ቶሎ ይደርሳል። እዚሁ ከተማ ብትሸጡት ይሻላል።)

በእርጥብ ወራት ደግሞ ጥጥም አክርማም እርጥበት ይጠጣሉ። በእርጥበቱ ክብደት ይጨምራል፣ ታሽጎ ሲቆይም ይሻግታል። ስለዚህ ቀን ፀሐይ ያየ ዕቃ በደረቁ በፌስታል ይታሸግ። በመስኮቱ ላይ የሚሠራበትን የደረጃ ዝርዝር አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ዋጋው ስለሚለወጥ ቀኑንም ጻፉበት።

ብዙዎቻችሁ “ይህን ሁሉ ደንብ ማን አወጣው?” ብላችሁናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ከዚህች ከተማ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ የኢትዮጵያ ፖስታ ሲቋቋም የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት ቴምብር ፓሪስ ታትሞ መጣ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አልነበረችም። ይህ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1874 ስዊዘርላንድ ውስጥ በበርን ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ አባል የሆኑ አገሮች አንዱ የሌላውን ቴምብር እንዲቀበል ያስማማል። ስለዚህ ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ቴምብር ተለጥፎበትም ከአገር ውጭ ዋጋ አልነበረውም። ጅቡቲ ሲደርስ፣ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ግዛት ስለነበረች፣ ሌላ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ክፍያ። ይህ የቀረው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1908 የኅብረቱ አባል ስትሆን ነው። የእነዚያ ዓመታት ባለ ሁለት ቴምብር ፖስታዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚፈልጓቸው ናቸው። ለላኪዎቹ ግን በዚህች ከተማ ሁለት ጊዜ መክፈል ነበር። እኛም ዛሬ ሳናውቅ ሁለት ጊዜ የምንከፍልበት ቦታ አለ፤ እሱም ጉምሩክ ነው።

ወደ ውጭ አገር በሚላክ ዕቃ ላይ የጉምሩክ መግለጫ ይለጠፋል። አነስተኛው ሲኤን 22፣ ለበለጠ ዋጋ የሚሆነው ሲኤን 23 ይባላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ በመግለጫው ላይ የተጻፈው ከዕቃው ቀድሞ በኤሌክትሮኒክስ ለተቀባዩ አገር እንዲደርስ ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ አጻጻፉ ግልጽ መሆን አለበት። “ልብስ” ብቻ መጻፍ አይበቃም። “በእጅ የተሠራ የጥጥ ነጠላ፣ አንድ፣ 370 ግራም፣ 25 ዶላር” ብሎ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። መጻፉን እኛ እናግዛችኋለን፤ የማታ ተማሪዎቻችንም ለልምምድ ይሆናቸዋል።

አንዳንዶች “ስጦታ ብለን ብንጽፍስ?” ይላሉ። ሰው በነጻ የላከው ስጦታ ነው፤ ገንዘብ የተቀበላችሁበት ዕቃ ስጦታ አይደለም። ውሸቱ ከተደረሰበት ዕቃው ይያዛል፣ ደንበኛዋም ትቀጣለች፣ ሁለተኛም አታዝዝም። ይልቅስ እውነተኛውን ደንብ ማወቅ ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት ቀድሞ ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የተጨማሪ እሴት ታክስ አያስከፍልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ያስከፍላል። አሜሪካ ደግሞ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2025 ይህን አቆመች። በዚያን ሰሞን ከ80 በላይ የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ የሚላከውን በሙሉ ወይም በከፊል አቋርጠው ነበር። እንግዲህ ወደ አሜሪካ ትእዛዝ ሲመጣ፣ ክሩ ከመገዛቱ በፊት ሁለት ጥያቄ በመስኮቱ ላይ ይጠየቅ፤ ዕቃው ይወሰዳል ወይ? ቀረጡን የሚከፍለው ማን ነው፣ መቼስ ነው? መልሱ ለደንበኛዋ በጽሑፍ ይላክላት። ቀረጥ እንዳለ ሳታውቅ ቀርታ አልረከብም ያለች ደንበኛ የምትመልሰው ዕቃ የእናንተን የሄደበትንም የመጣበትንም ሊያስከፍል ይችላል።

ስለ መመለስ ካነሣን፣ በኮሊው ፎርም ላይ ዕቃው ካልተረከበ ምን እንደሚደረግ የሚሞላ ቦታ አለ። ወይ ለላኪው ይመለስ፣ ወይ ይተው ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። የእጅ ሥራን “ይተው” ማለት ያማል። ሆኖም መመለሻው ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ውድ ለሆነ ዕቃ ይመለስ በሉ፤ ለርካሹ ይተው በሉ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ የማትነኩት አንድ ነገር ቢኖር ሪኮማንዴው፣ በአደራ የሚላከው ነው። ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ነገር ግን ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጣችኋል። ደንበኛ “አልደረሰኝም” ስትል በእጃችሁ የሚኖረው ብቸኛ ማስረጃ እሱ ነው። ደረሰኙን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ በዚያው ቀን ላኩላት። ደረሰኝ መጠየቅ የሚያስፈራችሁም ካላችሁ፣ የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ ወዲህ ስደተኛ የመሥራት መብት እንዳለው ታውቁ ዘንድ እንወዳለን። የምትሠሩት የሚደበቅ ሥራ አይደለም።

ትልቁ ቁጠባ ግን በአንድነት መላክ ነው። አሥር ሰው አሥር ትንንሽ ጥቅል ወደ አንድ ከተማ ከሚልክ፣ አንድ ትልቅ ኮሊ ልኮ እዚያ ያለ የታመነ ሰው በአገር ውስጥ ፖስታ ቢያከፋፍለው በኪሎ የሚከፈለው በብዙ ይቀንሳል። ከባልባላ ከተማ ለመውረድ የሚከፈለው የአውቶቡስ ገንዘብም አሥር ጊዜ መሆኑ ይቀርና አንድ ጊዜ ይሆናል። በአሊ አዴና በሆልሆል ካምፖች ያሉ እህቶቻችንም ሥራቸውን እዚያው ሰብስበው በአንድ ሰው እጅ ቢልኩልን፣ ከሌላው ጋር ተደምሮ ሊሄድ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው “ሜድ 51” የሚባል የስደተኞች የእጅ ሥራ ፕሮግራም አለ፤ ቁጥሩ የ1951ን የስደተኞች ስምምነት ያስታውሳል። እዚያም የእጅ ባለሙያዋ ብቻዋን ፖስታ ቤት አትሄድም፤ ሽያጩንና ጭነቱን የሚያስተባብር የአገሩ ድርጅት ከጎኗ አለ። እኛም በትንሹ ያንኑ ብናደርግ ማለታችን ነው።

በአንድነት ሲላክ ግን አስቀድሞ የሚጻፍ ነገር አለ። በውስጡ ያለው ሁሉ በስም፣ በብዛትና በዋጋ ይዘርዘር። ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲገባ እንደ ንግድ ዕቃ ስለሚታይ፣ ተቀባዩ ሰው ቀረጡን ከፍሎ ከእያንዳንዳችሁ ስንት እንደሚቀንስ ከመላኩ በፊት ተስማሙ። ዘመድ ነው ብሎ ሳይጻፍ የቀረ ሒሳብ ዘመድ ያጣላል።

በመንገደኛ እጅ መላክም የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለናሙናና ለአንድ ሁለት ነጠላ ጥሩ ነው። ነገር ግን መንገደኛው በዓይኑ ያላየውን፣ የታሸገ ነገር አታሸክሙት። እሱም አይቀበል። አየር ማረፊያ ላይ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው።

ስለ አድራሻ ጥቂት እንበል። በጅቡቲ ፖስታ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው፤ ባልባላ ውስጥ ቤት ፈልጎ የሚያመጣ የለም። የተመለሰ ዕቃ የላኪ ሣጥን ቁጥር ከሌለበት ጠፋ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሣጥን መከራየት ውድ ስለሚሆን፣ ለአሥራ አምስት ለሃያ ሰው አንድ ሣጥን ይበቃል፤ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፣ የመጣው ሁሉ በደብተር ይመዝገብ። ከመካከላችን በአንዳንድ ምክንያት ስሙና ያለበት ቦታ በጥቅል ላይ ተጽፎ እንዲዞር የማይፈልግ ሰው አለ። ይህን ሁላችንም እንረዳለን። እንዲህ ያለው ሰው ዕቃውን ሌላ ሰው በራሱ ስም በጋራው ሣጥን እንዲልክለት በግልጽ ይስማማ፤ የሐሰት ስም ግን አይጻፍ፤ ዕቃው ሲመለስ የሚረከበው ይጠፋልና።

በመጨረሻ ዋጋ አወጣጥ ነው። ታሪፉ በፍራንክ ነው፣ እናንተ የምትሸጡት በዶላር ነው። ደግነቱ የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር በ177.721 የተወሰነ ስለሆነ ሒሳቡ በየቀኑ አይዋዥቅም። 1000 ፍራንክ 5 ዶላር ከ63 ሳንቲም ያህል ነው፤ ይህን በቃል መያዝ ይቻላል። ትእዛዝ ሲመጣ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት “የት አገር ነሽ? ስንት ትፈልጊያለሽ?” ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የዕቃውን ዋጋ ለብቻ፣ የመላኪያውን ለብቻ ንገሯት። “መላኪያ በነጻ” የሚለውን ከትልልቅ ነጋዴዎች አትቅዱ። ለእነሱ አንዱ ዕቃ የሌላውን መላኪያ ይሸፍናል፤ ለእናንተ ግን ነጻ የተባለው ከምሳችሁ ላይ የተነሣ ነው። አንድ ነጠላ 370 ግራም ከሆነ እስከ 500 ድረስ የ130 ግራም ቦታ በነጻ አለ፤ “በዚሁ መላኪያ ትንሽ ጥልፍ ያለው መሐረብ ይጨመርልሽ?” ብትሏት እምቢ የምትል ጥቂት ናት።

የኩሽናው ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትሩ ከእኛ ጋር በማታው ክፍል ይቀመጣሉ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕቃችሁን ሳታሽጉ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንመዝናለን፣ ፎርሙንም እንሞላለን። ያቺ እናታችንም መሶባቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ፓሪስ የሦስት ሰዎች ትእዛዝ ስላለ፣ ሆዱን በምን እንደምንሞላው እናያለን። ንጹሕ ወረቀትና ፌስታል ያላችሁ አትጣሉ፣ አምጡልን።